ሰኞ ሰኞ የሚበዛው ዝናብ

ቄስ ወልደኪዳን የጀመሩትን ነገር ሁሉ ሳይጨርሱ የተዉ ሰው ናቸው። ይህን የሚሉት ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው ቢላቸው ግን ይቆጣሉ። በወጣትነታቸው ቅኔ ሊማሩ ጎጃም ሄደው በሁለተኛው ክረምት ብርዱ አልቻለኝም ብለው ተመለሱ። የአንኮበር ልጅ ጎጃም በረደኝ ብሎ ሲመለስ እስቲ ማን ያምነዋል! ንብ ላረባ ብለው ቀፎ ሰቀሉ፤ ንቦቹ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ጎረቤት ተዛወሩ። የግቢያቸው የድንጋይ ካብ ከተጀመረ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ በሦስት በኩል ቆሟል፣ በአራተኛው በኩል የመንደሩ በግ እንደ ልቡ ይገባል። “እኔ ጨርሼ የማውቀው ነገር ቢኖር የቀረበልኝን ምሳ ነው” ይላሉ።

አንድ ነገር ግን ሳያቋርጡ ይዘው ቆይተዋል፤ ጣሳቸውን።

ጣሳ የሚለው የአገሩ ሰው ነው፤ በወጉ ሲጠራ የዝናብ መለኪያ ይባላል። የቄሱ ቤት ከአንኮበር ወጣ ብሎ፣ መሬቱ ወደ አሊዩ አምባ ቁልቁል ከሚወርድበት ገደል አፋፍ ላይ ነው። ጓሯቸው ውስጥ እንጨት ተተክሏል፤ በእንጨቱ ላይ አፉ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ የሆነ የቆርቆሮ ዕቃ ተቀምጧል። ቀንም ሌሊትም የዘነበው ውኃ እዚያ ይጠራቀማል። በየቀኑ፣ ልክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ቄስ ወልደኪዳን ውኃውን መስመር በተሰመረበት ቀጭን ብርጭቆ ገልብጠው፣ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ከውኃው ትክክል አድርገው፣ ቁጥሩን ቅጽ ላይ ይጽፋሉ። ወር ሲያልቅ ቅጹ በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን ይሄዳል፤ ከዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የፈለገ ሰው ሁሉ፣ የትም አገር ይኑር፣ ከፍቶ ያየዋል። ፈቃድ ጠይቅ የሚለው የለም። የቄሱን ልብ የሚያሞቀው ይህ የመጨረሻው ነገር ነው።

“ጃፓን ያለ ሰው እኛ ጓሮ ትናንት ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘነበ ያውቃል” ይላሉ በየተዝካሩና በየሠርጉ።

“ጃፓን ያለው ሰው ጓሯችን በአንድ በኩል አጥር እንደሌለውስ ያውቅ ይሆን?” ይላሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ።

ሥራው ራሱ የመጣው በአጋጣሚ ነው። በ1993 ዓ.ም. ሀብታሙ የሚባል ሰው ዝናብ ከሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ዕቃውን በበቅሎ አስጭኖ መጣ። የሚፈልገው የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር ነበር። ዳይሬክተሩ ደብረ ሲና ሠርግ ሄዶ ኖሮ፣ መንገድ ላይ ቆመው ያገኛቸው ቄስ ወልደኪዳንን ነው። ማንበብና መጻፍ ይችላሉ፤ ታቦት የሚያገለግሉ ስለሆኑ አገር ጥለው አይሄዱም፤ የእጅ ሰዓት አላቸው። ሰዓቱ አልፎ አልፎ ይቆም ነበር፤ እሱን አልነገሩትም።

ሀብታሙ ሁለት ነገር አጥብቆ አዘዛቸው። “ሦስት ሰዓት ማለት ሦስት ሰዓት ነው፤ ሰዓቱ ካለፈ ውኃው አይነካም” አለ። ቀጠለና፣ “ቅጹ ላይ ባዶ ሣጥን እንዳላይ፤ የሆነ ነገር ይጻፍበት” አለ። የቀረው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ ብሎ አንድ ቀጭን መመሪያ ሰጥቷቸው ሄደ። ቄስ ወልደኪዳን መመሪያውን ፕላስቲክ አለበሱት፣ ከዳዊታቸው ጎን አኖሩት፣ አራት ገጽ አነበቡ። እንግዲህ ሰውየውን ታውቋቸዋላችሁ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አቧራው በየሳምንቱ ይራገፋል እንጂ አምስተኛው ገጽ አልተገለጠም።

ችግሩ እሑድ ነበር። ቅዳሴ ያለ ሁለት ካህንና ያለ ሦስት ዲያቆን አይቆምም። የገባ ካህን ደግሞ ቅዳሴው እስኪያልቅ አይወጣም፤ ጣሳ አለኝ ብሎ ነገር የለም። የእሑዱ ቅዳሴ በማለዳ ገብቶ ሦስት ሰዓትን ተሻግሮ ነው የሚያልቀው። ከዚያ ትምህርቱ አለ፣ ከዚያ ሰንበቴው አለ፤ ካህን ቤቱ የሚደርሰው አምስት ሰዓት ሲያልፍ ነው። በአጥቢያቸው ያን ጊዜ ሦስት ካህናት ነበሩ፤ ቄስ ወልደኪዳን፣ አባ ገብረአብ የሚባሉ ሽማግሌና ቄስ ዘርአ ዳዊት።

ዘርአ ዳዊት አብሮ አደጋቸው ነው። ድምፁ ከገደሉ ማዶ የሚሰማ፣ ሳቁ ከድምፁ የሚብስ፣ በሰው ካላሾፈ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። የጓደኛውን ጭንቅ ሲሰማ መላ ለማምጣት ጊዜ አልፈጀበትም።

“ስማ፣ አንተ ወልደኪዳን” አለ፤ “ክረምቱን እሑድ እሑድ እኔና አባ እንቀድሳለን፤ አንተ ጣሳህን ጠብቅ። በበጋ አንተ ትቀድሳለህ፣ እኔ አርፋለሁ። በበጋ ጣሳህ ውስጥ ከዝንብ በቀር የሚገባ የለም። በልግ ከጣለ እንነጋገራለን።”

“ሰው ምን ይላል?”

“ሰውማ ወልደኪዳን ቅዳሴ ከብዶት ጣሳ ሥር ተደበቀ ይላል። ይበል፣ ተወው!”

ሰውም አለ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አለ። ቄስ ወልደኪዳን ግን በዚያ ሁሉ ክረምት አንድ እሑድ አላመለጣቸውም። ዘርአ ዳዊት ከቅዳሴ ሲወጣ ጥላውን ይዞ፣ ካብ በሌለበት በኩል ገብቶ፣ ገና ደህና ዋላችሁ ሳይል “ስንት አለ?” ይላል።

“ዐሥራ ሰባት ነጥብ አራት።”

“ነጥብ አራቷ ለምንህ ነች? ለጃፓን ነች?”

በየሳምንቱ ይችው ናት። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ በየሳምንቱ ይስቃሉ፤ ቄሱ በየሳምንቱ ይናደዳሉ። አንድ እሑድ ዘርአ ዳዊት ዘግይቶ የመጣ እንደሆነ ግን ቁጥሩን ይዘው በበሩ ብቅ ጥልቅ የሚሉት እሳቸው ናቸው።

በሰኔ 2011 ዘርአ ዳዊት የሳምባ ምች ይዞት በአንድ ሳምንት ውስጥ አረፈ። ቄስ ወልደኪዳን ፍትሐቱን ጀምረው መሐል ላይ ድምፃቸው እንቢ አላቸውና አባ ገብረአብ ጨረሱት። “እሱንም አልጨረስኩለትም” ይላሉ እስከ ዛሬ፤ ይህን ሲሉ ብቻ አይስቁም።

በዘርአ ዳዊት ቦታ የመጣ ካህን የለም። ወጣቶቹ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ያለውን ደብር እንጂ የገደል አፋፍ አይመርጡም። ሁለት ካህን ቀረ ማለት ሁለቱም ሁልጊዜ መግባት አለባቸው ማለት ነው። የሐምሌ የመጀመሪያው እሑድ ደረሰ። ቄስ ወልደኪዳን ጽና ይዘው መቅደስ ውስጥ ቆመው ሳሉ ዝናቡ የቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ ይደበድበው ጀመር። እግዜር ይቅር ይበላቸውና፣ ከንፈራቸው ሲቀድስ ልባቸው ጓሮ ነበር። ቤታቸው ሲደርሱ አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ ጣሳው ግማሽ ደርሷል።

ሰዓቱ ካለፈ አይነካም ተብለዋል፤ አልነኩትም። ባዶ ሣጥን እንዳላይ ተብለዋል። ቅጹን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ብዕር እንደያዙ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ “0.0” ብለው ጻፉ። ሰኞ በሦስት ሰዓት የሁለቱን ቀን ውኃ በአንድ ላይ ለክተው የሰኞ አደረጉት።

“አንድ ጠብታ አልጠፋ” ብለው ራሳቸውን አጽናኑ፤ “ከቀን ወደ ቀን ተዛወረ እንጂ።” በመጀመሪያው እሑድ ለመጻፍ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶባቸው ነበር። በሁለተኛው ትንሽ ከበዳቸው። በአራተኛው እሑድ ከመቀመጣቸው በፊት ጽፈው ጨረሱ። ኃጢአት የሚለመደው እንዲህ ነው ብለው ሠላሳ ዓመት የሰበኩትን በራሳቸው ላይ ሞክረው አረጋገጡት። እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ክረምት አለፈ።

ባለፈው ኅዳር ስልካቸው ጮኸ። ሔራን የምትባል፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር የሐዋሳ ልጅ ናት። ለሕዝብ ክፍት ከሆነው የዝናብ መዝገብ ውስጥ የአካባቢውን ጣቢያዎች አንድ በአንድ ስታገላብጥ የእሳቸው ጣሳ ላይ ደርሳ ቆማለች።

“አባ፣ የእርስዎ ጣቢያ ጉድ ነው!” አለች፤ “ባለፉት ስድስት ዓመታት ከባድ ዝናብ በእጥፍ ጨምሯል። መዘዞ እንደዚህ የለም፣ ደብረ ሲና እንደዚህ የለም። ታኅሣሥ ላይ ስብሰባ አለን፤ መጥተው በክብር እንግድነት ይቀመጡልን።”

የክብር እንግዳ! ቄስ ወልደኪዳን ወሬውን በሦስት ቀን ውስጥ እስከ አሊዩ አምባ ገበያ አደረሱት። ነጠላቸው ታጠበ፣ ጥምጣማቸው ሁለት ጊዜ ተጠመጠመ፣ ሁለት ጊዜ ተፈታ። “ምን ልበል?” ብለው መስታወት ፊት ንግግር ተለማመዱ። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ የሚያማቸውን ጉልበታቸውን እያሹ፣ “ጃፓኖቹም ይመጡ ይሆን?” አሉ። ቄሱ ይመጡ ይሆናል ብለው ሳያስቡ አልቀሩም።

አዳራሹ ውስጥ ሰባ ሰው ያህል ነበር። የመንገድ መሐንዲሶች፣ የግብርና ሰዎች፣ ተማሪዎች፣ መዝገቡን የሚያስተዳድሩ መነጽር ያደረጉ አንድ ኃላፊ። ሔራን የቄሱን መስቀል ተሳልማ ከፊት አስቀመጠቻቸው። ከዚያ መብራት ቀነሰና የእሳቸው ጓሮ ግድግዳውን ሞልቶ ወጣ። የየቀኑ ዝናብ ቀጫጭን ሰማያዊ እንጨት ሆኖ ቆሟል፤ ከባድ ዝናብ የጣለበት ቀን ቀይ ነው። ከ2011 ክረምት ወዲህ ቀዩ በዝቷል።

“ሦስቱን ትልልቆቹን እዩልኝ” አለች ሔራን። “ነሐሴ 4 ቀን 2012። ሐምሌ 26 ቀን 2013። ይኼ ትልቁ ደግሞ ነሐሴ 2 ቀን 2014፤ በአንድ ቀን ሰባ አንድ ነጥብ ስድስት ሚሊ ሜትር!”

ሰው አጨበጨበ። ቄስ ወልደኪዳንም አጨበጨቡ፤ ለራስ አይጨበጨብም የሚለው ትዝ አላላቸውም። እያጨበጨቡ ሳለ ነሐሴ 2 የሚለው ቃል ጆሯቸው ውስጥ ቀረ። በ2014 ፍልሰታ የገባው እሑድ ነበር። በደንብ ያስታውሱታል፤ “ጾሙም ሰንበቱም አንድ ላይ መጣልን” ብለው ሰብከዋል። ነሐሴ 1 እሑድ ከሆነ ነሐሴ 2 ምንድን ነው? እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

ባሕረ ሐሳብም ሳይጨርሱ ከተዉት ትምህርት አንዱ ነው፤ ቢሆንም ቀን ለመቁጠር የሚሆን ይቀራቸዋል። በጣታቸው አንጓ ቆጠሩ። ነሐሴ 4 ቀን 2012፣ ሰኞ። ሐምሌ 26 ቀን 2013፣ ሰኞ። ደግመው ቆጠሩ፤ ሰኞ። ግድግዳው ላይ የበዛው ቀይ የእሳቸው ሰኞ ነው። ወይ ጉድ! እንግዲህ በአንኮበር ዝናቡ ሰንበትን አክብሮ ውሎ ሰኞ በድርብ ሥራ የሚገባ ሆኗል ማለት ነው።

ሔራን አላቆመችም። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ቁልቁለቱ ላይ የሚሠሩት መንገዶችና ቦዮች እንደገና ሊሰሉ ይገባል አለች። በሚቀጥለው ወር ጥናቱን አዲስ አበባ፣ ከውጭ በመጡ ሊቃውንት ፊት፣ በስሟ ታቀርበዋለች። ፊቷ በደስታ በርቷል። ቄስ ወልደኪዳን ላብ አጠመቃቸው። ዝም ቢሉ የሚያውቅ የለም። ዝም ካሉ ግን ይህች ልጅ አንድ ቀን፣ ከእሳቸው የተሻለ ቆጣሪ ፊት፣ በእሳቸው ዜሮ ትዋረዳለች። ከተናገሩ ደግሞ ሃያ አራት ዓመታቸው እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ያበቃል። ዘርአ ዳዊት ከኋላቸው ተቀምጦ “አንተ ጣሰኛ፣ ተነሣ እንጂ” የሚላቸው መሰላቸው። ተነሡ።

“ልጄ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ” አሉ፤ “ያ ቀይ ቀዩ ነገር ዝናብ አይደለም። እኔ ነኝ።”

ሰው ሳቀ። ቀልድ መስሎታል። ቄሱ የቅዳሴውን፣ የሁለቱን ትእዛዝ፣ የዜሮውን ነገር ከሥር ከመሠረቱ ሲናገሩ ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ። ሔራን መናገሪያውን እንደያዘች ግድግዳው ላይ ፈዛ ቀረች። ወደ ቄሱ አላየችም።

ባለመነጽሩ ኃላፊ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “አባታችን፣ መናገርዎ ደግ ነው” አሉ፤ “ነገር ግን ስድስት ዓመት የሌለ ዜሮ ከተጻፈ፣ በፊት ያሉት ዐሥራ ስምንት ዓመታት ትክክል ስለመሆናቸው ምን ማስረጃ አለን? ማስረጃ ካልተገኘ የጣቢያው መዝገብ በሙሉ ለሕዝብ ከተከፈተው ይወጣል።”

የመልሱ አውቶቡስ ውስጥ ቄስ ወልደኪዳን ጥምጣማቸውን ፈተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ቅኔ፣ ንብ፣ ካብ፣ ፍትሐት። ጣሳ። “በቃ ይኸው ነኝ” አሉ ለመስኮቱ። ጎናቸው የተቀመጠች ሴትዮ የሚጸልዩ መስሏት አንገቷን ደፋች።

ቤት ደርሰው ሁሉንም ለወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ተናገሩ። ሲጨርሱ፣ “ቄሱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ” አሉ። “እኔ ጉልበቴ ከከዳኝ ስንት ዓመቴ ነው?”

“ሰባት ይሆናል።”

“ሰባት ዓመት እሑድ እሑድ እዚሁ ቤት ነው የምጸልየው። ጣሳው ከደጄ ዐሥር እርምጃ ነው። አንድ ቀን እስቲ እዪልኝ አላሉኝም።”

“አንቺ ቁጥሩን…”

“የጽዋ ማኅበራችንን የስም መዝገብ ዘጠኝ ዓመት የምጽፈው በምን ይመስልዎታል? በጠጠር ነው?”

ቄሱ ከሚስታቸው ጋር ሠላሳ ስድስት ዓመት የኖሩ ሰው ናቸው። ለመሆኑ ለምን አልጠየቋቸውም? መልሱን ያን ቀን አላገኙትም።

ሔራን በጥር አጋማሽ ኮምፒዩተሯን በጀርባዋ አዝላ መጣች። መስቀል ስትሳለም ፊቷ ጥቁር ነበር። “አባ፣ ስደውልልዎት ለምን አልነገሩኝም?” አለች። “ርእሴን እኮ ቀየርኩ። ስምንት ወር የሠራሁትን!”

“ደስ ብሎኝ ነዋ፣ ልጄ። የክብር እንግዳ ስትዪኝ ደስ ብሎኝ ደነቆርኩ። ሌላ ምን ምክንያት አለኝ?”

ልትስቅ አልፈለገችም፤ አመለጣት። ተቀምጣ ኮምፒዩተሩን ከፈተች። የእሳቸውን እሑዶች አንድ በአንድ አውጥታ፣ መዘዞና ሌሎች አጎራባች ጣቢያዎች በዚያው ቀን ከጻፉት ጋር፣ ከሳተላይቱም ግምት ጋር አስተያይታቸዋለች። ሁሉም ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ ነው፤ ማንም ሊያደርገው ይችላል።

“ይኸው እስከ ሰኔ 2011 ያለው” አለች። “በክረምት እሑድ ሲዘንብ እርስዎም ዘንቧል ብለዋል፤ ሲያባራ አባርቷል ብለዋል። ከሌላው ቀን አይለይም። እንዲህ ያለ ንጹሕ መዝገብ በዚህ አካባቢ ሌላ አላየሁም። ከሐምሌ 2011 ጀምሮ ግን ተመልከቱ፤ እሑዱ ሁሉ ዜሮ፣ ሰኞው ሽቅብ። መስመሩ እንደ ደረጃ ነው የሚዘለው። መሣሪያ ሲቀየር ነው እንዲህ የሚሆነው፣ ወይ ቦታው ሲዛወር፣ ወይ ዛፍ ሲበቅልበት። ምንድን ነው የተቀየረው?”

ቄስ ወልደኪዳን መስመሩን አዩት። ለጥ ብሎ ዐሥራ ስምንት ዓመት ይመጣል፤ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል። ጣታቸውን የተሰበረው ቦታ ላይ አደረጉ።

“እሱ ዘርአ ዳዊት ነው” አሉ።

“ማን ነው?”

ነገሯት። ጥላውን፣ ሳቁን፣ ስንት አለ ማለቱን። እየነገሯት ሳለ ያልጠበቁት እንባ መጣ፤ በነጠላቸው ጫፍ ቢጠርጉት ቢጠርጉት እንቢ አለ። ለካ ያ ንጹሕ መዝገብ የእሳቸው ትጋት አልነበረም። ሌላ ሰው ዐሥራ ስምንት ክረምት መቅደስ ውስጥ ቆሞላቸው ነው። ሚስታቸውን ያልጠየቁበትም ምክንያት ያን ጊዜ ገባቸው። የእሑዱ ቦታ የዘርአ ዳዊት ነበር፤ ሌላ ሰው ካስገቡበት እሱ መሞቱን ማመናቸው ነው። ከማመን ዜሮ መጻፍ ቀሏቸው ኖሯል።

ሔራን ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ዐሥራ ስምንቱ ዓመት ባለበት እንዲቀር ኃላፊውን አሳምናለች። የስድስቱ ክረምት እሑድና ሰኞ ግን ምልክት ይደረግበታል፤ ከጎኑም ምክንያት መጻፍ ግዴታ ነው። ለምክንያቱ የተሰጠው ቦታ ሰማንያ ፊደል ብቻ የሚይዝ አንድ ሣጥን ነው።

“ባዶ መተው አይቻልም?”

“አይቻልም፣ አባ።”

“እሱን ትእዛዝ እንኳን አውቀዋለሁ።”

ይኼኔ ሔራን ከዳዊቱ ጎን ያለውን መመሪያ አንሥታ ገለጠችና አምስተኛው ገጽ ላይ ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ ሳይለካ የቀረ ቀን ቢኖር ዜሮ አይጻፍም፣ ሣጥኑ ላይ ሰረዝ ተደርጎ ምክንያቱ በግርጌ ይገለጻል። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ጉልበታቸውን ይዘው እስኪያማቸው ሳቁ። ቄሱ መመሪያውን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡት፤ እውነትም እንዲህ ይላል፤ ከ1993 ጀምሮ እንዲህ ይላል።

“በሉ አሁን” አለች ሔራን እየሳቀች፤ “ተተኪ ለኪ ባለመኖሩ ብዬ ልጻፍ?”

“አይሆንም። ስሙን ጻፊ።”

“አባ፣ ይኼ እኮ የሳይንስ መዝገብ ነው። ዓለም ሁሉ ነው የሚያየው።”

“ታዲያ ለዚህ አይደል!”

አየቻቸው። ከዚያ ቀስ ብላ ጻፈች፤ “ክረምት እሑድ የሚቀድስለት ቄስ ዘርአ ዳዊት በሰኔ 2011 ስላረፈ።” ፊደሉን ቆጠረችው። ገባ፤ ቦታም ተረፈ።

በጋው አለፈና በመጋቢት በልግ ጣለ። የመጀመሪያው ዝናብ የመጣው እሑድ ነው፤ ቅዳሴ መሐል፣ ቆርቆሮውን እየደበደበ። ቄስ ወልደኪዳን መቅደስ ውስጥ ሆነው ሰሙት። ልባቸው ወደ ጓሮ ሊሄድ ብድግ አለ፤ ከዚያ ጣሳው አጠገብ ሰው መኖሩን አስታውሶ ተመልሶ ተቀመጠ። በስድስት ዓመት ውስጥ ዝናብ እየጣለ፣ ልባቸው ሳይወጣ፣ አንድ ቅዳሴ ጨርሰው የቀደሱት ያን ቀን ብቻ ነው።

ካብ በሌለበት በኩል ገቡ። ጣሳው ተገልብጦ ተመልሷል፤ ብርጭቆው ታጥቦ ተደፍቷል። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ በዱላ ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ቅጹ ደረታቸው ላይ ነው። አላሳዩአቸውም፤ አንድ ነገር የሚጠብቁ ይመስላሉ። ቄሱ መጀመሪያ አልገባቸውም። ቁጥሩን በሕይወታቸው ተጠይቀው እንጂ ጠይቀው አያውቁምና።

“ስንት አለ?” አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው እንደ ፍትሐቱ ቀን መሐል ላይ እንቢ ሊል ሞከረ፤ ጎትተው አወጡት።

“ዘጠኝ ነጥብ ሁለት። ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብዬ አየሁት።”

“ነጥብ ሁለቷ ለምንሽ ነች?” አሉ ቄስ ወልደኪዳን፤ ዓይናቸው ሞልቷል፣ እየሳቁም ነው። “ለጃፓን ነች?”

“ለጃፓን ነች። አሁን ይግቡና ምሳዎን ይጨርሱ።”